ሩብ ኪሎ የማትሞላ አየር ኃይል

አንተ ባለድሮን! እስቲ ውረድና እንነጋገር። ባትሪህ አልቆ የሰው እንሰት ላይ ሳትወርድ በፊት ማለቴ ነው።

ሚዛን ከተማን ከላይ አሳየኸን፤ እሰይ፣ እጅህ ይባረክ። አማንን አሳየኸን። የዩኒቨርሲቲውን ጣሪያ አሳየኸን። የቴፒን ገበያ አሳየኸን። እትዬ እገሊት ጓሮ የተሰጣውን የሌሊት ልብስ ሳይቀር አሳየኸን። ያላሳየኸን ነገር ቢኖር ፈቃድህን ብቻ ነው።

«ፈቃድማ አለኝ!»

አለህ? ታዲያ ከቪዲዮህ ሥር የስፖንሰሩን ስልክ፣ የካሜራውን ዓይነት፣ የአክስትህን ልጅ ፀጉር ቤት አድራሻ ስትዘረዝር ቆይተህ ፈቃድህ ጋ ስትደርስ ጣትህን ምን ያዘው? ለፀጉር ቤቱ የተገኘ መስመር ለፈቃዱ ጠፋ?

«ምን አገባህ? ሰማዩ የአባትህ ነው?»

የአባቴ አይደለም። ያንተም አባት፣ እኔ እስከማውቀው፣ ያላቸው ባጃጅ ነው። እሷ እንኳን ታርጋ አላት። ታርጋዋን በጨርቅ ሸፍና መሀል ከተማ ብትገባ ትራፊኩ ጨርቁን ከነሹፌሩ ነው የሚወስደው። የድሮ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር። ንጉሡ በ1967 ወረዱ፤ ሰማዩ ግን ሳይታረስ ቆይቶ ነበር። ይኸው አንተ በአራት ፕሮፔለር አረስከው፤ ግብሩንም ሳትከፍል።

ሰማዩ ባለቤት የሌለው እንዳይመስልህ። በረራውን የሚመራ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ። ድሮን ላስገባ፣ ላብርር ያለውን ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ እኛ «ኢንሳ» የምንለው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ሳይይዙ ከውጭ ይዘው የመጡ ስንት ዲያስፖራዎች ድሮናቸውን ቦሌ ጉምሩክ አስረክበው ካርቶኑን ታቅፈው ወጥተዋል። አንተ እንዴት አለፍክ? ይኸን ስጠይቅህ ነው ፊትህ የሚለዋወጠው።

«የኔ ትንሽ ናት። 249 ግራም ናት። አትቆጠርም።»

እሱንም ከዩቲዩብ ነው የሰማኸው። 250 ግራም የሚባለው መስመር የውጭ አገር መስመር ነው። አሜሪካኖች ለመዝናኛ የምትበረውን ከ250 ግራም በታች ከሆነች ከምዝገባ አስቀሩ፤ ፋብሪካውም ብልጥ ነውና አንድ ግራም ቀንሶ 249 አድርጎ ሠራት። ጎበዝ። እዚህ ግን ሚዛን የምናውቀው ቡና ስንገዛበት ነው። ሩብ ኪሎ ቡና አንድ ግራም ሲጎድለው ነጋዴውን «ሌባ!» እንላለን፤ ያንተ ድሮን አንድ ግራም ስትጎድላት «ነፃ ነኝ» ትላለች። ከማነሷ የተነሣ አሞራ ሲያገኛት «እናትሽ የት ሄዱ?» ይላታል አሉ። ካሜራዋ ግን ትንሽ አይደለም። የእትዬ እገሊትን የሌሊት ልብስ አበባ ቆጥሬበታለሁ፤ ያውም ሳልፈልግ።

«እኔ እኮ አገሬን እያስተዋወቅኩ ነው።»

ይቺን ስጠብቅ ነበር። «የቡና ምድር ከሰማይ» ብለህ የለጠፍከውን አየሁት። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ የቡና ምድር ውስጥ አንዲት የቡና ፍሬ አላየሁም! ወንድሜ፣ የኛ አገር ቡና ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ከላይ ሆነህ የቀረጽከው ዋንዛውን፣ ሰሳውን፣ ቀረሮውን ነው። ቡናው ከሥር ቁጭ ብሎ ይስቅብሃል። በበቃም ብትሄድ፣ ቴፒ እርሻ ልማትም ብትሄድ፣ ሸኮ ጫካም ብትገባ ያው ነው። ቡናውን ማሳየት የፈለገ ሰው በእግሩ ይገባል፤ ጭቃውን ይረግጣል፤ ገበሬውን «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፣ መግባት ይቻላል?» ይላል። እሱ ነው ያቃተህ። ከድሮን በፊት ሰላምታ ተማር።

ደግሞ ስለ ማስተዋወቅ ለዚህ አገር ሰው አታስተምር። ጌሻ ቡናን ታውቃለህ? ማጂ መንገድ ላይ ካለው ጫካችን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ቆንስል እጅ ዘሩ ወጣ። ኬንያ ደረሰ፣ ታንዛኒያ ዞረ፣ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፣ ከዚያ ፓናማ ተተከለ። በ2004 ፓናማ ላይ ተወዳድሮ ዓለምን አስገረመ። በ2019 አንድ ፓውንዱ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳን የማይሞላው፣ በጨረታ 1,029 ዶላር ተሸጠ። ስሙን «ጌይሻ» እያሉ ጠርተውት የጃፓን ዘፋኝ ሴት የመሰለው ጠጪ ስንት ነው! በዓለም ላይ እንዲህ የተዋወቀ ነገር የለም። የጫካው ገበሬ ስም ግን ከሥሩ አልተጻፈም። እና አሁን አንተ ከዚያው ጫካ በላይ ወጥተህ ቀርጸህ ከሥሩ «ሁሉም መብት የተጠበቀ ነው» ብለህ የራስህን ስም ትጽፋለህ። የማን መብት ነው የተጠበቀው? ማን ፈቀደልህ ብሎ መጠየቅ እዚህ አገር ነገረኝነት አይደለም፤ ሳይጠየቅ ቀርቶ ምን እንደሚሆን ያየን ሰዎች ነን።

«ቢሮክራሲ አታብዙብን! ወጣቱን አታሸማቅቁት!»

ቢሮክራሲ? ና ቢሮክራሲ ላሳይህ። ግማሽ ሄክታር የጫካ ቡና ያላቸው የሸኮ አባት አሉ። በሕይወታቸው ብራስልስን አላዩም፤ ብራስልስም እሳቸውን አላየችም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አወጣ፦ ቡናህ ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ነጥቡን በካርታ ካላሳየህ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን የተመነጠረበት መሬት አለመሆኑን ካላረጋገጥክ አልገዛም አለ። ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠማ ዙሪያውን በሙሉ አስለካ ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ደጋግመው ገፉት እንጂ ሕጉ አለ። እናም አባባ አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ ሲመጣ «እሺ ልጄ» ብለው የማሳቸውን ነጥብ ሰጡ። ሰብስበው የሚያስረክቡት ነጋዴም ፈቃድ አለው። ቡናው የሚጫንበት መኪና ታርጋ አለው። ከገበሬው ማሳ እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ወረቀት የሌለው ፍሬ የለም። በዚህ ሁሉ መሀል ወረቀት ሲጠየቅ «ተሸማቀቅኩ» ያለው ከላይ የሚያንዣብበው ብቻ ነው። ከሥር ያሉት አባት ለቤልጂግ ጠጪ ማሳቸውን ሲያሳውቁ፣ አንተ ለጎረቤትህ አንድ መስመር መጻፍ ከበደህ።

«የፈቃድ ቁጥሬን ብጽፍ ይሰርቁኛል። ፎርጅድ ይሠሩበታል።»

አቤት ጥንቃቄ! ይኸን የተናገረው ሰው ቪዲዮው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ከነሙሉ ስሙ ጽፎ፣ የቴሌብር ስልኩን ጨምሮ፣ «የቻላችሁትን ደግፉኝ» ብሏል። ብር ሲገባበት የማይሰረቅ ቁጥር ኃላፊነት ሲመጣበት ይሰረቃል። ይሁን፤ ከፈራህ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች በኮከብ ሸፍናቸው። ማን እንደፈቀደልህ፣ መቼ እንደፈቀደልህ፣ የት እንድታበር እንደፈቀደልህ ግን ጻፍ። ፎርጅድ የሚሠራውማ አሁንም እየሠራ ነው፤ ቁጥር ስለተደበቀ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አልቻልንም እንጂ።

«ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም!»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘሃል፤ አልነፍግህም። አሜሪካ በቪዲዮ ሥር የፈቃድ ቁጥር ጻፉ የሚል ሕግ የላትም። ያላት ሌላ ነው። ለሥራ የሚያበር ሰው 16 ዓመት ሞልቶት፣ ተፈትኖ፣ የምስክር ወረቀት ይይዛል፤ ፖሊስ ወይም የአቪዬሽን ሰው ሲጠይቀው ወዲያው ያሳያል። አውሮፓ የባለቤቱን የምዝገባ ቁጥር ድሮኑ ገላ ላይ አስለጥፋለች። ቻይና፣ ድሮንህን የሠራችልህ ቻይና፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ድሮንን በእውነተኛ ስም ታስመዘግባለች። አየህ፣ ፋብሪካዋ ራሷ አታምንህም።

የፊላደልፊያውን ዩቲዩበር ሰምተሃል? ከተማውን እየዞረ በድሮን ቀረጸ፣ ለጠፈ፣ ላይክ ለቀመ። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ሰላይ አልቀጠረም፤ ቁጭ ብሎ ቪዲዮዎቹን አየ። ከዚያ 182,000 ዶላር አካባቢ ቅጣት ጠየቀው። ልጁ ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ኤግዚቢት ሆነ፤ ያውም በኤችዲ። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የምታበረው ወንድሜ፣ አንተን «ፈቃድህን ጻፍ» አልልህም፤ ምንህን ትጽፋለህ? አንተን የምልህ «አትለጥፍ» ነው። ለራስህ ብዬ።

«ሚዛን ምን አውሮፕላን አላትና ነው?»

አማን ላይ አውሮፕላን ማረፊያ መኖሩን ያልሰማ የሚዛን ሰው ካለ እሱ ድሮን ሳይሆን መነጽር ነው የሚያስፈልገው። ቴፒም አላት። ለንደን አጠገብ ጋትዊክ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ከገና በፊት ድሮን ታየ ተብሎ ተዘጋ። አንድ ሺህ ያህል በረራ ተስተጓጎለ፣ 140 ሺህ ገደማ መንገደኛ ሻንጣው ላይ ተኛ። ያን ሁሉ ፖሊስ፣ ያን ሁሉ ካሜራ ይዘው የድሮኑን ባለቤት አላገኙትም። እንግሊዝ ያላገኘችውን ሰው እኛ በምን እናገኛለን? በቪዲዮው ሥር ባለው ስም ነዋ! ስሙ ከሌለ የምናውቀው «አንድ ልጅ ነው፣ ኮፍያ አድርጓል» የሚለውን ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ኮፍያ ያላደረገ ልጅ አሳየኝ።

አሁን ለአንድ አፍታ ቀልዱን ላስቀምጠው።

ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ድሮን ማለት ለብዙ ሰው የሠርግ ካሜራ አልነበረም። በትግራይም በአማራም ድምፁን ሰምቶ ልጁን ይዞ የሮጠ አለ፤ የቀረውን ቆጥሮ የቀበረ አለ። ከዚያ ወገን ዘመድ ያለው ሰው በቤንች ሸኮም በሸካም ሞልቷል። ያ ሰው ቡናውን ለቅሞ ቁጭ ባለበት ከራሱ በላይ «ዝዝዝ» ሲል ሰማይ ላይ ያለው የሙሽራ ካሜራ ይሁን ሌላ በምን ያውቃል? አንተ ከላይ የእሱን ደንግጦ ቀና ማለት ቀርጸህ፣ ሙዚቃ ጨምረህ፣ «የዋሁ ገበሬ ድሮን ሲያይ» ብለህ ትለጥፋለህ። የዋህ አይደለም። ካንተ በላይ ያውቃል። ፈቃድህን ይፋ አድርግ ስልህ ለኢንሳ ብዬ መስሎህ ነበር? ኢንሳ ራሱን ይችላል። ለዚህ ሰው ብዬ ነው። ከማን ልጅ እጅ እንደተነሣች፣ ማን እንደፈቀዳት የሚያውቃትን ድሮን ሰው አይፈራትም።

እሺ፣ ወደ ነገራችን።

«ፈቃድ ካለኝማ ማንንም መጠየቅ የለብኝም!»

እንዴ! ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? ፈቃድህ የሰማይ ነው፤ ጓሮው የእትዬ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። በ1952 ቲክቶክ የለም፣ ድሮን የለም፣ አንተም የለህ፤ ሕጉ ግን መምጣትህን ያወቀ ይመስላል። ለአደባባይ በዓልና ለሕዝብ ጉዳይ ቀጣዩ አንቀጽ በር ከፍቷል፤ መስቀል ደመራን ቅረጽ፣ ማንም አይከለክልህም። እትዬ ገላቸውን ሲታጠቡ ግን የሕዝብ ጉዳይ አይደለም። ባለ ፈቃድ ሁሉ ጨዋ ነው ያለህ የለም። ባለ ፈቃድ ባለጌ ግን ቢያንስ ስሙ ይታወቃል፤ የሚከሰስበት አድራሻ አለው። ባለጌነቱን በቁጥር እንይዘዋለን።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነህ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ አፌ አይፈቅድልኝም። «ፈቃዱን ለማውጣት አዲስ አበባ ድረስ አስኬዳችሁኝ» ስትል እውነትህን ነው። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድሮንህ በአንድ ባትሪ የምትበረው ግማሽ ሰዓት፤ ፈቃዷን ለማምጣት አንተ የምትጓዘው ሙሉ ቀን፤ ለዚያውም ጅማ ላይ መንገድ ካልተዘጋ። ደርሰህ «ደብዳቤ አምጣ»፣ ደብዳቤ ስታመጣ «ማኅተሙ ደበዘዘ»፣ ማኅተሙ ሲደምቅ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ከዚህ በኋላ ፈቃድ ያለው ወጣት ቢጠፋ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ ነው ብል ተረበኛ ሳልሆን ውሸታም ነኝ። ኅዳር 2014 የተመሠረተው ክልላችን እኮ ቢሮዎቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ አካፍሎ አስቀምጧል። ለአራት ከተማ ወንበር ያደለ ክልል ለድሮን አንድ መስኮት አጣ ቢሉኝ አላምንም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከአራቱ በአንዱ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ማኅተም ያስቀምጥ። ማኅተሙ ባይደበዝዝ ደግሞ ይመረጣል።

የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎችንም ረስቼ አይደለም። ድልድይ ሲመረቅ ከላይ፣ ችግኝ ሲተከል ከላይ፣ ክቡርነታቸው ሲወርዱ ከላይ ትቀርጻላችሁ። ክቡርነታቸው ከመኪና ወርደው ሪባኑ ጋ እስኪደርሱ ያለውን ስድስት እርምጃ በድሮን ለመቅረጽ ማን እንዳሰበ ባውቅ ደስ ይለኛል። ፈቃድ አላችሁ፤ እናምናለን። ታዲያ ከቪዲዮው ሥር አብራሪው ማን እንደሆነና ፈቃዱን ለምን አትጽፉም? ባለ ፈቃዱ ካልጻፈ ፈቃድ የሌለው ከማን ይማራል? ከእናንተ ይጀመር። ስሙ የተጻፈ አብራሪ ነገ ደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅም ይጠቅመዋል።

እና ሕግ ይውጣ እያልኩ ነው? አይደለም። ሕግ ከወጣ ቅጽ ይወጣል፤ ቅጽ ከወጣ ቅጹን የሚሞላ ደላላ ይወጣል። ደግሞም አስተያየት መስጫው ሥር «ፈቃድህን አምጣ!» እያለ የሚጮህ ሌላ ፖሊስ እንዲፈጠር አልፈልግም፤ ያለን ይበቃናል። የምለው ልማድ ይሁን ነው። ሠዓሊ ከሥዕሉ ሥር ይፈርማል፤ ማንም አላስገደደውም። በሙያው የሚኮራ ድሮን አብራሪም አንድ መስመር ይጻፍ፦ ያበረረው እገሌ፣ የፈቀደው መሥሪያ ቤት እገሌ፣ የተፈቀደበት ቦታና ቀን ይኼ። በቃ። ይኸ መስመር ላይክ አይቀንስም። ፈቃዱን ለፍቶ ላወጣው ልጅ እንዲያውም ገበያው ነው፤ ግማሽ ዋጋ ተቀብሎ ያለ ወረቀት የሚያበርበትን ጎረቤቱን የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።

«እና አንተ ፈቃድ አለህ ለመተረብ?»

የለኝም። ስሜ ግን ከጽሑፉ ሥር አለ፤ ቅር ያለው ሰው የት እንደሚያገኘኝ ያውቃል። ያንተን ነው ያጣነው።

አሁን ቃሌ ለባለ ሠርጎቹ ነው። ጥር ሲደርስ የሚዛንና የቴፒ ሰማይ በሙሽራ ድሮን ይሞላል። ቀራጩ መጥቶ «ከላይ ጭምር እቀርጻለሁ፣ ለድሮኑ ተጨማሪ ክፍያ አለው» ሲላችሁ፣ ተጨማሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን አሳየን በሉት። ካሳየ በውሉ ላይ ቁጥሩን አስፍሩ፤ ቪዲዮው ሲለጠፍም ከሥሩ ይጻፍ ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ጎረቤቶቻችሁንም ከዋዜማው ንገሩ። «ቢሮ ረስቼው ነው» ካላችሁ ድሮኗንም ቢሮ ይተዋት፤ ሙሽሮቹን ከምድር ይቅረጽ።